ከጋቢው ሥር

ጠጋ በሉ፣ ጆሮ ስጡኝ። የማወጋችሁን እናት ከብዙ ቤት ታሪክ አንስቼ አንድ አድርጌያታለሁና ስሟን አትጠይቁኝ።

ሮቤ ዳር ትኖራለች። የባሌን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በቀሚሱ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጋቢ ነው። ገላዋን ከራሷ በቀር የሚያይ የለም። አንድ ማታ ስትታጠብ እምብርቷ አጠገብ ጠጣር ነገር እጇን ነካው። አያምም። ከሳምንታት በኋላ ሦስት ሆነ።

«ብጉንጅ ሳይሆን አይቀርም» አለች ለልጇ።

«እስቲ ልየው፣ እማዬ።»

«ተይው፣ ይፈርጣል።»

አልፈረጠም። 14 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ጎባ ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ እብጠቱን ዳሰሰና ያላሰበችውን ጠየቃት፦ «እማማ፣ የወር አበባዎ ከቆመ በኋላ ደም ታይቶዎት ያውቃል?»

ልጇን አየቻት፤ አንገቷን ደፋች። ሁለት ዓመት ደብቃው ኖራለች።

ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደ። የማኅፀን በር ካንሰር ነው፣ ቆዳ ላይ የወጣ። ብርቅ ነገር ነው፤ ከመቶ ታማሚ ሁለት ላይ እንኳ አይታይም። በደም ወይም በሊምፍ መስመር ተጉዞ ብዙውን ጊዜ ሆድ ላይ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ በወር የሚቆጠር ነው።

የባሌ ገበሬ ዋግን ያውቃል። በስንዴው ቅጠል ላይ ሲታይ ገና ጅማሬው ነው፣ መድኃኒት ይረጫል። ይኼ ግን ተቃራኒው ነው፤ ላይ ሲታይ ሥሩ ከቆየ በኋላ ነው። የሚያንገበግበኝም ይህ ነው፦ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ከገባ ካንሰር እስኪሆን 15፣ 20 ዓመት ይፈጃል። ያን ሁሉ ዘመን ይጠብቃል፤ ቀድሞ ያየው ግን የለም።

አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሩ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር። ለእርሷ ግን የቀረው ሕመሟን ማስታገስ ነው፤ ሞርፊኑ እንቅልፍ ሰጣት። በ2011 ዓ.ም. የቫይረሱ መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ፤ ልጇ ግን ዕድሜዋ አልፏል፣ ሠላሳ አምስት ናት።

ስለዚህ ልጅቱ ለምርመራ ገባች። ነርሷ የማኅፀኗን በር ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቀች፤ ጤናው የተዛባ ቦታ ቢኖር ይነጣል፣ ያኔውኑም በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። አልነጣም።

እናትየው ደጅ አግዳሚው ላይ በጋቢዋ ተጠቅልላ ትጠብቃለች።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም፣ እማዬ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»