ያልተወራረደ ሣቅ

የባንኩ መስኮት ተዘግቶ የዕለቱ ሒሳብ ከተወራረደ በኋላ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ መውረድ ልማዴ ነው። ባለፈው ሰሞን በዚያው ተቀምጬ የኦስትርያዊውን የሃይድን ስልሳኛ ሲምፎኒ ሳዳምጥ ብቻዬን ሣቅሁ። በመጨረሻው ክፍል ሙዚቃው ገና ከመጀመሩ ቀጥ ይላል፤ ቫዮሊኖቹም መቃኘት ረስተው የመጡ ይመስል፣ በታዳሚው ፊት አውታራቸውን ያከርራሉ። ነገሩ ስሕተት ሳይሆን ቀልድ ነው። ሃይድን ይህን ሙዚቃ በ1774 እ.ኤ.አ. የደረሰው ረኛር ለተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ኮሜዲ ማጀቢያ ነበር። የተውኔቱ ባለታሪክ ዝንጉ ነውና ኦርኬስትራውም አብሮት ዘነጋ።

ከሣቁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ፦ የእኛስ ኮሜዲ ሲምፎኒ አልወለደም?

አንባቢ ሆይ፣ ዘመናዊው ተውኔታችን የተጀመረው በሣቅ መሆኑን ልብ ይሏል። በሩሲያ የተማሩት፣ ኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። አውሬዎቹ በሰው አንደበት ተናገሩ፤ የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነትም ተሣለቁበት። መኳንንቱ ግን መልካቸውን በአውሬ ገጽ ማየት አልወደዱም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ፤ መድረኩም ዝም አለ።

ሲምፎኒያዊው ሙዚቃ ሲመጣ ያንን ሣቅ አላገኘውም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. «እረኛው ባለ ዋሽንት»ን ደርሶ፣ የሀገራችን ዜማ በኦርኬስትራ አፍ መናገር እንደሚችል አሳየ። እረኛው ዋሽንቱን አግኝቷል። አውሬዎቹ ግን እስከ ዛሬ ሙዚቃቸውን ሲጠብቁ ይኖራሉ።

እኔ ከሥራ በኋላ ግጥም የምሞካክር የባንክ ጸሐፊ ነኝ፤ ሲምፎኒ መድረስ አይሆንልኝም። ሆኖም ከዓመት ዓመት ሳይከፈል የሚንከባለል ዕዳ ምን እንደሚመስል ጠንቅቄ አውቃለሁ። ከያሬድ ትምህርት ቤት ልጆች አንዱ ይህን ዕዳ ቢከፍልልንስ? ለእያንዳንዱ አውሬ የየራሱን ድምፅ ይስጠው፤ በገናውን ለኃያሉ፣ ማሲንቆውን ለነገረኛው፣ እምቢልታውን ለትምክህተኛው። በመካከልም ሙዚቃው ድንገት ዝም ይበል። ሃይድን ለቀልድ ያቆመውን እኛ ለዚያ የታገደ መድረክ እናቁመው።

ከዚያ አውታሩ ይከርር፤ ሣቁም ካቆመበት ይቀጥል።