ጥሩውና ድፍርሱ

አቃቂ በነበረው ቤታችን፣ ከአባቴ አልጋ ሥር፣ አንድ ትልቅ ማሰሮ ይቀመጥ ነበር። በውስጡ ሌላ ትንሽ ማሰሮ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ በውሃ የራሰ አሸዋ ነበረ። ማቀዝቀዣ አልነበረንም። ውሃው ከሸክላው ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ያሉት ሁለት ብልቃጦች ቀዝቀዝ ብለው ይውላሉ። አንደኛው እንደ ምንጭ ውሃ ጥሩ፣ ሁለተኛው እንደ ወተት እጣቢ ድፍርስ ነው። የአባቴ ዕድሜ የተንጠለጠለው በእነዚህ ብልቃጦች ላይ ነበር።

የኢንሱሊን ታሪክ ረጅም አይደለም። ከእርሱ በፊት ስኳር ለያዘው ልጅ ሐኪሞች የነበራቸው መላ ረሃብ ነበር፤ ሞትን ጥቂት ለማዘግየት ምግብ መከልከል። እ.ኤ.አ. በ1921 ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ፣ በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ፣ ከውሻ ቆሽት መድኃኒቱን ማውጣት ቻሉ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ። መድኃኒቱ ገና ስላልጠራ ብዙም አልረዳውም። ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ካጣራው በኋላ ግን፣ ጃንዋሪ 23 ቀን እንደገና ሲወጋ ስኳሩ ወረደ። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕም የግኝቱን መብት ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ሸጡት።

ነገር ግን ይህ መድኃኒት አንድ ጊዜ ተወስዶ የሚያበቃ አይደለም። ሐኪም ጠዋትና ማታ በየቤቱ ሊገኝ ስለማይችል፣ መርፌው ከሐኪም እጅ ወደ ሕመምተኛው እጅ ተሻገረ። በ1936 ዴንማርካዊው ሃገዶርን ከዓሣ የተገኘ ፕሮታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ቀላቅሎ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ እንዲሠራ አደረገ፤ ድፍርሱ ብልቃጥ የዚህ ሥራ ልጅ ነው።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በሽታው የተገኘበት የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር በተመሠረተበት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 አካባቢ ነው። ያን ጊዜ የመስታወት ሲሪንጁን እናቴ በየቀኑ በትንሽ ድስት ትቀቅለው እንደነበር ነግራኛለች። እኔ የደረስኩት በፕላስቲኩ ነው። ዓይኑ ሲደክም መቅዳቱ ለእኔ ተላለፈ፤ እንደ ሊዮናርድ 14 ዓመቴ ነበር።

ሥርዓቱን እንደ ዳዊት አስጠናኝ። እጅ ይታጠባል። ድፍርሱ በመዳፍ መካከል በዝግታ ይንከባለላል፤ አረፋ እንዳይዝ በኃይል አይናጥም። አስቀድሞ አየር ወደ ድፍርሱ፣ ቀጥሎ ወደ ጥሩው ይገባል። ሲቀዳ ግን ጥሩው ይቀድማል፤ ድፍርሱ ገብቶ እንዳያደፈርሰው። ከዚያ ቆዳው ቆንጠጥ ተደርጎ ይወጋል፤ ቦታውም በየጊዜው ይቀያየራል። የእርሱ መጠን ጠዋት ጥሩው 8፣ ድፍርሱ 20 ነበር።

አንድ ጠዋት ለፈተና እየተጣደፍኩ ጥሩውን 20፣ ድፍርሱን 8 ቀዳሁ። አባቴ ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ በደከመ ዓይኑ መስመሩን ፈለገ፤ 28 ላይ ነው። ድምሩ ልክ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤት ሁሉ ቤታችን ተሰብስቧል። ረፋዱ ላይ ላብ አጥምቆት፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እናቴን በስሟ መጥራት አቅቶት ነበር። ነፍሱን ያተረፈችው በስኳር ውሃ ነው።

ዛሬ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። ድምሩ የሚገጥም ሒሳብ ሁሉ ልክ እንዳልሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ባልደረባ ያለኝ አይመስለኝም። አለቆቼ ጥንቁቅ ይሉኛል፤ ከየት እንደተማርኩት ግን አልነገርኳቸውም።

ያን ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። ከእንግዲህ ብልቃጥ እንደማያስነካኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሲነጋ ግን አባቴ ማሰሮውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣

«ና፣ ቅዳ» አለኝ።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ተቀበልኩ።

«ጥሩው ስንት ነው?»

«ስምንት፣ አባዬ።»

«ድፍርሱስ?»

«ሃያ።»

«በል እንግዲህ» አለና ሸሚዙን ገለጠልኝ።