የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያና የነርሶች ትምህርት

ለሞተ ሰው መታሰቢያ ማድረግ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ተዝካር ይወጣለታል፥ የቻለም በስሙ ቤተ ክርስቲያን ያሳንጻል። ሟቹ ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚቀጥሉ ሰዎችን ማስተማር ግን ሌላ ዓይነት መታሰቢያ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የልዕልት ፀሐይን መታሰቢያ መነሻ አድርገን፥ እንዲህ ያለው መታሰቢያ በምን እንደሚጸና ለመመርመር እንሞክራለን። የዓመታቱ ቁጥር፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1919 ተወለዱ። በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከቤተሰባቸው ጋር በ1936 ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደው ሳሉ፥ በለንደን ከተማ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ፤ በ1939ም የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ቀጥሎም ጋይስ በተባለው ሆስፒታል ሠለጠኑ። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ተመልሰው፥ ከባለቤታቸው ከአቢይ አበበ ጋር ወደ ወለጋ ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ ማለት ኦገስት 17 ቀን 1942፥ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በለቀምት ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና 22 ዓመት ነበር።

ይህ ሞት ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፥ ሌላውን ለማስታመም የሠለጠነች ሴት በምትወልድበት ጊዜ ለራሷ የሚያስፈልገውን እርዳታ ልታጣ እንደምትችል ነው። ሁለተኛ፥ የንጉሠ ነገሥት ልጅ እንዲህ ከሆነች፥ የባላገር ሴት ዕጣ ምን እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ከሞታቸው በኋላ በእንግሊዝ አገር የመታሰቢያ ገንዘብ መሰብሰብ ተጀመረ። በዚህ ሥራ ግንባር ቀደም የነበሩት የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው፤ ከ1936 ጀምሮ ያዘጋጁት በነበረው ጋዜጣቸውም ሕዝቡን እርዳታ ጠይቀዋል። የመታሰቢያው ሆስፒታል በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ሕሙማንን ከማከም ሌላ ነርሶችን ማሠልጠንም ከዓላማዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፥ በ1949፥ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ስለነበር፥ የአገር ልጆችን በአገር ውስጥ የማሠልጠን ሐሳብ እግር መትከል ጀምሮ ነበር ለማለት እንችላለን።

ዋናው ችግር የታየው ግን በአዋላጆች ትምህርት ነው። በ1959 ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት፥ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውን ማስታወቂያ ተመልክተው፥ በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም መጡ። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ 10 አዋላጆች ብቻ ካሠለጠነ በኋላ በገንዘብ እጥረት ተዘጋ። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፥ ሕንፃ አንድ ጊዜ በተሰበሰበ ገንዘብ ሊቆም ሲችል፥ ትምህርት ግን የመምህሩን ደመወዝና የተማሪዋን ቀለብ በየዓመቱ የሚጠይቅ መሆኑን ነው።

ከ1974 አብዮት በኋላ የሆስፒታሉ ስም ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ሃምሊኖች ግን በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ የደረሰባቸውን ሴቶች ማከም ቀጥለው፥ በ1970ዎቹ የራሳቸውን ሆስፒታል ከፈቱ። በ2007 ደግሞ የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተቋቋመ። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ከገጠር መርጦ ያለ ክፍያ ያስተምራል፤ ሲመረቁም ወደ መጡበት አካባቢ ተመልሰው እንዲሠሩ ያደርጋል። የ1942ቱ ኀዘን የጠየቀው መልስ የተገኘው፥ በእኛ አስተያየት፥ በዚህ አሠራር ነው፤ ልዕልቲቱ የሞቱት ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነበርና፥ በዋና ከተማ የቆመ ሆስፒታል ብቻውን ለቀምት ላለች ወላድ ፈጥኖ ሊደርስላት አይችልም።

ተማሪዋ ወደ አካባቢዋ እንድትመለስ ማድረግ ነፃነቷን ይነካል ሊባል ይችላል። መቃወሚያው ቀላል አይደለም። መድኃኒትና መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ አንዲት ወጣት ብቻዋን ብትቀመጥ፥ ነፃ የትምህርት ዕድል የተባለው ዕዳ ይሆንባታል። ስለዚህ ለነርሶችና ለአዋላጆች የመታሰቢያ ስኮላርሺፕ ለማቋቋም የሚያስብ ሁሉ ሦስት ነገር አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባል እንላለን፦ በየዓመቱ የማይቋረጥ ገንዘብ፥ አካባቢውን ከሚያውቁት መካከል የሚደረግ ምርጫ፥ እንዲሁም ተመራቂዋን የሚጠብቅ የተሟላ የሥራ ቦታ።

በመጨረሻም፥ ከቀድሞው የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የወጡት ነርሶችና አዋላጆች በየት በየት እንዳገለገሉ ከተማሪዎች መካከል አንዱ ቢያጠና፥ ለዚህ ታሪክ ትልቅ እርዳታ ይሆናል።