የወፍ ጉንፋንና የሠራተኛው ደኅንነት፤ ከሆንግ ኮንግ እስከ ኮሎራዶ

የሥራ ላይ አደጋ በተነሣ ቁጥር በመሐንዲስ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የሚሽከረከር መዘውር፣ የሚናድ አፈር ወይም የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ይሁን እንጂ ከላባ፣ ከኩስና ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ በአየር የሚንሳፈፍ፣ በዓይን የማይታይ አደጋም አለ። ይኸውም የወፍ ጉንፋን ነው። ሠራተኛውን ከዚህ በሽታ ለመጠበቅ የተደረገው ጥረት ታሪክ አጭር ቢሆንም ለምህንድስና ሙያ የሚሰጠው ትምህርት ግን ትንሽ አይደለም።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ኤች 5 ኤን 1 የተባለው ቫይረስ 18 ሰዎችን ያዘ፤ ከነዚህም 6ቱ ሞቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች እንዲገደሉ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በተካሄደው የደም ምርመራ በዶሮ ንግድ ከሚሠሩት መካከል 10 በመቶ ያህሉ፣ በማስወገዱ ሥራ ከተሰማሩት የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ 3 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ደርሶባቸው እንደ ነበር የሚያመለክት ምልክት ተገኘባቸው። ከዚህም የተነሣ የገበያው አሠራር ራሱ ተለወጠ። ዳክዬና ዝይ ከዶሮ ተለዩ፤ ከ2001 ጀምሮ ገበያው በወር አንድ ቀን ባዶ ሆኖ እንዲጸዳ ተወሰነ፤ በ2008 ደግሞ በችርቻሮ ገበያ ሕያው ዶሮ ማሳደር ተከለከለ። የነዚህ እርምጃዎች ፍሬ ነገር ሠራተኛውን ከመሸፈን አስቀድሞ የአደጋውን ምንጭ መቀነስ ነበር።

በ2003 ኤች 7 ኤን 7 የተባለው ሌላ ዝርያ በኔዘርላንድ ተነሣ። ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጉ ወፎች ሲወገዱ 89 ሰዎች በቫይረሱ መያዛቸው ተረጋገጠ፤ አንድ የእንስሳት ሐኪምም ሞተ። በአብዛኞቹ ላይ የታየው የዓይን መቅላትና መቆጥቆጥ ነበር። ስለዚህም አፍንጫና አፍን ሸፍኖ ዓይንን መተው በቂ እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ። መንግሥት መድኃኒትና ክትባት እንዲሰጥ ቢያዝም ከተያዙት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ትእዛዙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የተያዙ ነበሩ። ጥበቃው የመጣው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነበርና።

ከሁሉም ይልቅ የመሐንዲስን ትኩረት የሚስበው በሐምሌ ወር 2024 በአሜሪካ በኮሎራዶ የሆነው ነው። በበሽታው የተበከሉ ዶሮዎችን ሲያስወግዱ ከነበሩት ሠራተኞች 9ኙ በኤች 5 ተያዙ። የመከላከያ ልብስ፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ተሰጥቷቸው ነበር። ነገር ግን በዶሮ ቤቶቹ ውስጥ የነበረው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። ሙቀቱን ለማብረድ የተተከሉት ታላላቅ ማራገቢያዎች ላባና አቧራ እያስነሡ መሸፈኛው በፊት ላይ በሚገባ እንዳይቀመጥ አደረጉ። በተጨማሪም ዶሮዎቹ በጋዝ የሚገደሉት በሚገፉ ጋሪዎች ላይ በመሆኑ ሠራተኛው እያንዳንዱን በእጁ ይዞ ማስገባት ነበረበት። ስለሆነም አንዱን ችግር የሚያቃልል መሣሪያ ሌላውን አባባሰ።

በሥራ ደኅንነት ትምህርት የጥበቃ እርምጃዎች በደረጃ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ፣ ቀጥሎ አነስተኛ አደጋ ባለው ዘዴ መተካት፣ ከዚያም በምህንድስና ዘዴ ሠራተኛውን ከአደጋው መለየት፣ አራተኛ የሥራውን ሥርዓት ማስተካከል ነው። የግል መከላከያ ልብስ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱም በሙቀት፣ በድካምና በመጠን አለመስማማት በቀላሉ ይሸነፋል።

እንግዲህ የዶሮ ቤት ሲነደፍ ስለ እንቁላሉ ብዛት ብቻ ሳይሆን በበሽታ ቀን ወደ ውስጥ ስለሚገባው ሰውም ማሰብ ይገባል። አየሩ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ፣ ቤቱ ሰው ሳይገባበት በጋዝ ሊሞላ መቻሉ፣ ሠራተኛው ልብሱን የሚለውጥበትና የሚታጠብበት ስፍራ ወዴት እንደሚሆን በንድፉ ላይ ሊወሰን ይገባል። ይህ ሳይታሰብ የቀረ እንደ ሆነ ግን የንድፉን ጉድለት በዓይኑና በሳንባው የሚከፍለው በቀን ሙያ የሚያድረው ሠራተኛ ነው።