የሀዋሳ ሐይቅ ዓሣ

የሀዋሳ ሐይቅ ዓሣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሚገኘው የሀዋሳ ሐይቅ የሚሰገር የምግብ ዓሣ ነው። በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው ሀዋሳ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ለመዝናናት ወደዚያ የሚሄዱ ቤተሰቦች ጠዋት የተያዘን ዓሣ እዚያው ዳርቻው ላይ ተዘጋጅቶ መብላትን ያዘወትራሉ።

ሐይቁና ዓሣዎቹ

ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ቢሆንም ውኃው ጨው አይበዛበትም። በውስጡ ስድስት የዓሣ ዝርያዎች ሲኖሩ ለገበያ የሚቀርቡት በዋናነት ሦስቱ ናቸው።

• ቆሮሶ፦ ጠፍጣፋና ባለ ቅርፊት ሲሆን ከሁሉም በላይ ተፈላጊ ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች።
• አምባዛ፦ ቅርፊት የለውም፤ በአፉ ዙሪያ ረዣዥም ጢሞች አሉት።
• ቢልጫ፦ ባለ ቅርፊት ሲሆን ሥጋው ውስጥ ቀጫጭን አጥንቶች ይበዙበታል።

አሰጋገር

አስጋሪዎች በጀልባ ሄደው መረባቸውን አመሻሽ ላይ ይዘረጉና ጎህ ሲቀድ ያነሱታል። አምባዛ ብዙ መንጠቆ በተንጠለጠለበት ረጅም ገመድም ይያዛል። ከዳርቻ ሆኖ ለማጥመድ ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆና የመሬት ትል ይበቃሉ። በሐይቁ ውስጥ ጉማሬዎች ስላሉ ልጆች ያለ አዋቂ ወደ ውኃው መጠጋት የለባቸውም።

አሞራ ገደል

አሞራ ገደል የከተማዋ የታወቀ የዓሣ ገበያ ነው። ጀልባዎች ጠዋት ዓሣ ሲያራግፉ ወጣቶች ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ሆድቃውን ያወጣሉ፣ ሥጋውንም ከአጥንቱ ይለያሉ። ትርፍራፊውን አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ አሞራዎች ይሻሙበታል። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ነው። የከረፋ ሽታም የለውም።

አበሳሰል

• ጥብስ፦ ሙሉው ቆሮሶ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ስንጥቁ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋም ይበስላል። በዳቦ ወይም በእንጀራ፣ በሎሚና በዳጣ ይቀርባል።
• ጉላሽ፦ የተቆራረጠው ሥጋ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ይበስላል።
• ዱለት፦ ሥጋው ደቆ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከቅመም ጋር ይታመሳል።
• ሾርባ፦ ከጭንቅላቱና ከአጥንቱ ይሠራል።

ለሕፃናት ሲቀርብ አጥንቱን በጣት እየዳሰሱ መልቀም ያስፈልጋል።

ጥሬ ዓሣና ጤና

በአሞራ ገደል ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አሉ። ይሁን እንጂ ትኩስ መሆኑ ብቻ ከጥገኛ ትላትል ነጻ አያደርገውም፤ ትሎቹ ዓሣው በሕይወት ሳለ በውስጡ የሚኖሩ ናቸውና። ሎሚና በርበሬም አይገድሏቸውም። አስተማማኙ መንገድ መካከሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ማብሰል ነው። የበሰለ ዓሣ ሥጋው ነጭ ይሆናል፣ ከአጥንቱም በቀላሉ ይላቀቃል።

የሀብቱ ሁኔታ

በጾም ወራት አንዳንድ ምእመናን ሥጋና ወተት ትተው ዓሣ ስለሚበሉ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ዓሣም የማይበሉ ጿሚዎች ግን ብዙ ናቸው። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳርቻ በመሆኑ ለአስጋሪ ቅርብ ነው። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ገና ያልተራባውን ጫጩት ጭምር ስለሚጠርግ የነገውን ምርት ያሳጣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የአገሪቱን የዓሣ ሀብት አጠቃቀም ይደነግጋል። ጎብኚም ትንንሽ ቆሮሶ ባለመግዛትና በመንጠቆ የያዘውን ጫጩት ወደ ውኃው በመመለስ ሀብቱ እንዲቆይ ያግዛል።