የዘር ድንች ማብቀያ፦ ከአፈር ወደ አየር

ድንች በአብዛኛው የሚራባው በራሱ በድንቹ ስለሆነ፣ የእናት ተክል ሕመም ለልጆቹ ይተላለፋል። ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ፈረንሣውያኑ ዦርዥ ሞሬልና ክሎድ ማርታን በ1952 እ.ኤ.አ. በዳህሊያ አበባ፣ በ1955 ደግሞ በድንች ላይ ሠሩ፤ ከቡቃያው ጫፍ ቅንጣት ሕብረ ሕዋስ ቆርጠው በማሳደግም ከቫይረስ የጸዳ ተክል አገኙ።

ይሁን እንጂ ማብቀያው ካልጸዳ የችግኙ ንጽሕና ከንቱ ነው። አጠውላጊው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ይኖራልና፣ አምራቾች የአሸዋና የብስባሽ ቅልቅል አዘጋጅተው ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ ያጥኑት ነበር። ጋዙ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ በመሆኑ፣ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከጥቂት የተፈቀዱ አገልግሎቶች በስተቀር በበለጸጉት አገሮች በ2005፣ በታዳጊዎቹ በ2015 እንዲቀር ተወሰነ።

በምትኩ ሁለት መንገዶች ጎልተው ወጡ። አንደኛው ቅልቅሉን በእንፋሎት ማምከን ነው። ሁለተኛው፣ መቀመጫውን ሊማ ያደረገው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል በፔሩ ያዳበረው ሲሆን፣ ሥሩን በጨለማ ሣጥን ውስጥ አንጠልጥሎ ማዳበሪያ የሟሟበትን ውሃ እንደ ጉም መርጨት ነው። በቅልቅል የተተከለ አንድ ተክል በተለምዶ ከ5 እስከ 10 ትንንሽ ድንች ሲሰጥ፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለው ከ50 በላይ ሊሰጥ ይችላል።

ይሁንና አሸዋና ብስባሽ ፓምፑ ቢቆምም እርጥበት ይይዛሉ፤ አየር ግን አይይዝም። መብራት ሲቋረጥ የተንጠለጠለው ሥር ይደርቃል፤ የሚዘዋወረው ውሃ ከተበከለም በሽታው ለሁሉም ይዳረሳል። ስለዚህ ምርጫው የምርት ብዛት ብቻ ሳይሆን የኃይልና የውሃ አስተማማኝነትም ጉዳይ ነው። መጠባበቂያ ጄኔሬተር ለሌለው ጣቢያ፣ ምርቱ ቢያንስም፣ በእንፋሎት የመከነው ቅልቅል ዘሩን ያተርፋል።