ከሴባስቶፖል እስከ ቀለሃ፤ የትንሽ ብረት ታሪክ በጋይንት መንገድ

የአገራችን የብረታ ብረት ሙያ ታሪክ ሲወሳ አስቀድሞ የሚጠራው ስም፣ በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ነው። በዚህ ሥፍራ እነ ዋልድማየርን የመሳሰሉ የሚስዮን ባለ እጆችና የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትዝ ሃል፣ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ መድፍ አቅልጠው አፈሰሱ። ከሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል ሲሆን፣ ክብደቱም 7 ቶን ያህል ነው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲያመሩ መድፉን በጋይንት ደጋ አሳለፉት። ሠራዊቱ እየጠረገ ባበጀው መንገድ የጨጨሆን አቀበት ወጥቶ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደ ነበር በጊዜው የነበሩ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ የታጣው ጉልበትም፣ ቆራጥነትም አልነበረም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የሆነው ግን ይታወቃል። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከኋላ የሚጎርስ ስናድር ጠመንጃ ይዞ ነበር። በኢትዮጵያውያኑ እጅ የነበረው በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው ሲወድቅ፣ ከእንግሊዞቹ በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች አንዱ በስናድር ጥይት መቀመጫ ላይ የተተከለች፣ ከጣት ጥፍር የምታንስ የመዳብ ቆብ ናት። ባሩዱን የምታቀጣጥለው እርሷ ነበረች።

ይህች ቆብ የምትሠራው በመዶሻ አይደለም። ከስስ ላሜራ ክብ ቁራጭ ይወጣል፤ ጠርዙ በቀለበት ይያዝና ፓንች የሚባለው ዘንግ መካከሉን ገፍቶ ዳይ በሚባለው ቀዳዳ ውስጥ ያሳልፈዋል። ጠፍጣፋው ላሜራ ጽዋ ይሆናል። ቀለበቱ ከላላ ጠርዙ ይጨማደዳል፤ ከጠበቀ ሥሩ ይቀደዳል። ጥልቅ ጽዋ ሲፈለግ በአንድ ጊዜ አይሳብም፤ በየደረጃው እየጠበበ ይሳባል፤ በመካከሉም የጠነከረው ብረት በእሳት ግሎ ይለዝባል። ዕቃው እያነሰ በሄደ ቁጥር ሥራው ይከብዳል። የፍትጊያው ድርሻ ይበልጣል፤ በላሜራው ውፍረት ውስጥ ያሉት የብረት ቅንጣቶችም ጥቂት ስለሚሆኑ እያንዳንዱ ቅንጣት በቅርጹ ላይ ይፈርዳል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላው የበጌምድር አገር ሁሉ፣ ቀጥቃጩ ማረሻና ማጭድ የሚያወጣው አንድ በአንድ ነው። አንዱ ማረሻ ከሌላው ቢለይ አርሶ አደሩ ሞፈሩን አስተካክሎ ያርስበታል። የጥይት ቆብ ግን ሺህዋም አንድ ካልሆነች ከንቱ ናት። ጋፋት አንድ ታላቅ ነገር ማፍሰስን አስተማረች፤ አንድ ዓይነት ነገር አሥር ሺህ ጊዜ መድገም ግን ሌላ ሙያ ነው።

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት የግራ ጠመንጃ፣ በአገራችን «ውጅግራ» የተባለው፣ ቀለሃው በዚሁ ስልት ከናስ የተሳበ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱም እርሱ ነው። ጥይቱ በገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ እስከ መቈጠር ደረሰ። ለገንዘብነት ያበቃው እያንዳንዱ ጥይት ከሌላው ጋር እኩል መሆኑ ነው። ያንን እኩልነት የሚያወጣው ፓንችና ዳይ ግን ከባሕር ማዶ ነበር።

ዛሬ በዚሁ ስልት የሚሳቡት ጥቃቅን ክፍሎች ለሰዓት፣ ለባትሪና ለሕክምና መሣሪያ ያገለግላሉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ፤ ሊታይም ይገባዋል። ሆኖም ለሙያው ባልደረቦች ታላቁ ትምህርት ከመድፉ ግዝፈት ይልቅ በዚያ ዘመን ባልተሠራችው ትንሽ ቆብ ላይ ነው። የአንድ አገር የብረት ሙያ የሚለካው ባፈሰሰው ክብደት ብቻ ሳይሆን፣ ሳይዛነፍ ደግሞ ደጋግሞ መሥራት በሚችለው ትንሽ ነገር ጭምር ነውና።